የጅብ ጥርስ ያረፈበት ማህተም

ሰው በዕድሜው ብዙ ነገር ይጠፋበታል። ቁልፍ ይጠፋል፣ ጃንጥላ ይጠፋል፤ አንዳንዱ ደግሞ የአደራ በግ ይጠፋበትና ዕድሜ ልኩን ስሙ ከበጉ ጋር ይነሳል። የእኔን ለየት የሚያደርገው የጠፋብኝ የመንግሥት ማህተም መሆኑ ነው። ያውም በደርግ ጊዜ። ያውም ሌባው ጅብ ነው። ይህን ሳወራ የሚስቅ ሰው አለ፤ ይሳቅ፣ እኔም አሁን አሁን እስቃለሁ። ያኔ ግን አልሳቅሁም፤ ያኔ የሚስቀው እሱ ነበር።

ዲላ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጡረታዬ በሰላም እየመጣልኝ ነው፣ ምን አስለፈለፈኝ። ሥራችን ቆላ እየወረድን ለወባ ትንኝ ቤት ለቤት ዲዲቲ መርጨት ነው። አንዱ ይረጫል፣ አንዱ መኪና ይነዳል፣ እኔ ወረቀት እይዛለሁ። የተረጨ ቤት በሩ ላይ ካርድ ይለጠፍበታል። ከእኛ በፊት የወረደው ቡድን ግን ግራር ጥላ ሥር ተኝቶ ሰነበተና ባዶውን ካርድ ዲላ መልሶ አምጥቶ ቢሮ ውስጥ ማህተም አስመታበት። መንደሩ በሙሉ በወረቀት ተረጨ። ትንኞቹ ማንበብ ስለማይችሉ ሰዉን መንከሳቸውን ቀጠሉ።

በዚህ የተነሳ ኃላፊያችን አዲስ መመሪያ አወጣ። ካርዱ እዚያው በሩ ላይ ተለጥፎ፣ ማህተሙም እዚያው በሩ ላይ ይመታ አለ። እንግዲህ ማህተሙ ራሱ ቆላ ሊወርድ ነው። ማህተም ደግሞ ከቢሮ አይወጣም፤ ከበላይ የመጣ ደንብ ነው። ያንን ዘመን ለማያውቅ ወጣት ልንገረው፤ ሰው ያለ ማህተም ሰው አልነበረም። ከዲላ ይርጋ ጨፌ ዘመድ ለመጠየቅ እንኳ ማህተም ያረፈበት የይለፍ ወረቀት ያስፈልግሃል። ኬላ ላይ ዘቡ ፊትህን አያይም፣ ማህተሙን ነው የሚያየው። ማህተም የጠፋበት ሰው ‹‹ለወንበዴ አሳልፎ ሰጠ›› ይባላል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚባል ሰውየው ራሱ ቆይቶ አይሰማም።

ኃላፊያችን ጯሂ ሰው አልነበረም። ጯሂ አለቃ ብዙም አያስፈራም፤ ንዴቱ በአፉ ይወጣለታል። የእኛው ግን በሹክሹክታ ነበር የሚያዘው። የብረት ሣጥኑን ከፍቶ ማህተሙን አወጣ፣ ‹‹በኃላፊነት ተረክቤአለሁ›› የሚል ወረቀት አስፈረመኝ። ወረቀቱንም መዝገብ ውስጥ ሳይሆን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

‹‹ጓድ›› አለኝ ቀስ ብሎ፣ ‹‹ይሄ ማህተም ከጠፋ፣ አንተን የሚፈልግ ሰው አያገኝህም።››

‹‹አይጠፋም፣ ጓድ።››

‹‹እኔም አይጠፋም ነው የምለው።››

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባለ በቅሎ ነበር። መንገድ ሊነሳ ሲል ልጓሙንም ጠፍሩንም በቅቤ ሳያሽ አይወጣም። ‹‹የቆላ ፀሐይ ቆዳ ይሰነጥቃል፤ ቅቤ ያልጠጣ ጠፍር መንገድ ላይ ይከዳሃል›› ይል ነበር። እኔ በቅሎ የለኝም። ግን አንገት ላይ የሚንጠለጠል የቆዳ ቦርሳ አለኝ። ማህተሙን ከነቀለም ቆርቆሮው እዚያ ውስጥ ከተትኩና አንድ ምሽት ሙሉ ቁጭ ብዬ ቦርሳውን እስከ ማንገቻው በለጋ ቅቤ አሸሁት። ቆዳው ጠጣ፤ ደግሜ ቀባሁት፤ ደግሞ ጠጣ። ሽታው ቤቱን ሞላው። የጎረቤት ውሻ መጥቶ አፍንጫውን ከበሬ ሥር ደቅኖ አደረ። ብልህ ሰው ከውሻው ይማር ነበር፤ እኔ ግን በሙያዬ ተደንቄ ተኛሁ።

ሦስት ሆነን በላንድሮቨር ወረድን። የሚነዳው ሸምሱ ነው። አባቱ ዲላ ገበያ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ የጉራጌ ነጋዴ ናቸው፤ ልጃቸው ግን ከሜትር ይልቅ መሪ መያዝ መረጠ። የሚረጩት ጋሽ ጂግሶ ናቸው። የጌዴኦ ሰው ናቸው፤ ቡናና እንሰታቸውን ለልጆቻቸው ትተው ፓምፕ ተሸክመው ያረጁ። ቆላውን እንደ ጓሯቸው ያውቁታል። ወሬ ግን አይወዱም፤ አንድ ነገር ከተናገሩ ደግመው አይናገሩትም፤ ያልሰማ የራሱ ጉዳይ ነው።

መንደሩ ከአባያ ሐይቅ ከፍ ብሎ፣ ከጉብታው ማዶ ነው። ሽማግሌዎቹ ቤታችን እደሩ ብለው ለመኑን። እኔ እምቢ አልኩ። የወባ ሠራተኛ ባልተረጨ ቤት በትንኝ ተበልቶ ቢያድር ነውር ነው፤ ሐይቁ ዳር ነፋስ አለ፣ አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ድንኳንም ይዘናል ብዬ ተከራከርኩ። ‹‹ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ›› ይባላል። እኔ የማላውቀው የጅብ አገር ሄጄ ቁርበቱን ራሴ አነጠፍኩ።

ድንኳኑን ስንተክል አንዲት ሴት እንስራ ይዛ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ቆማ ካስማውን ስንመታ አየችን።

‹‹እዚህ ነው የምታድሩት?›› አለች።

‹‹አዎ፣ እዚህ ነው።››

‹‹ሦስታችሁም?››

‹‹ሦስታችንም።››

እንስራዋን ሳትሞላ ተመለሰች። ሸምሱ አየኝ፤ እኔ ወደ ካስማው አጎነበስኩ።

የአባያ ውሃ ቀይ ነው። ቀን ሲያዩት ጎርፍ ይመስላል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ሌላ ነገር ስለሚመስል ብዙ ባታዩት ይሻላል። እንደመሸ ነፋሱ ቆመ። እንቁራሪቶቹ ጀመሩ፤ ከሩቅ ጉማሬ አጉረመረመ። እራት በላን። ሸምሱ የእስላም ሥጋ፣ እኔ የክርስቲያን ሥጋ፣ ሁለታችንም ከየቤታችን ቋንጣ አስይዘውን ነበርና እንዳይነካካ ብለን የእሱን በአንድ ግራር፣ የእኔን በሌላ ግራር ሰቅለነዋል። ጋሽ ጂግሶ ቆጯቸውን በጎመን በልተው ጨረሱና እሳቱን ይቆሰቁሳሉ።

ከጉብታው በኩል ድምፅ መጣ። መጀመሪያ አንድ ረጅም ጥሪ፣ ቀጥሎ ከሌላ አቅጣጫ መልስ፣ ከዚያ ሳቅ። ሳቁ የሰው አይደለም፤ ግን ሰው ስቆበት የማያውቅ ሰው እንኳ በእሱ ላይ እንደተሳቀበት ያውቃል።

‹‹እንግዳ መጥታለች›› አሉ ጋሽ ጂግሶ።

‹‹የምን እንግዳ? ጅብ ነው እንጂ።››

‹‹ማታ ስሟን አይጠሩም፣ ልጄ።››

ይኼን ጊዜ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ረቡዕ ረቡዕ የውይይት ክበብ የምከታተል፣ አጉል እምነት የኋላቀርነት ምልክት መሆኑን ደብተሬ ላይ የጻፍኩ ሰው ነኝ። ለሽማግሌው ስለ ሳይንስ ማብራሪያ ሰጠሁ። ማብራሪያው አልበቃኝ ብሎ ተነሳሁና ወደ ጨለማው ዞሬ ‹‹ጅብ! ጅብ! ጅብ!›› ብዬ ጮህኩ።

ሳቁ ወዲያው ቆመ። እንቁራሪቶቹም ቆሙ። ጉማሬውም ዝም አለ። ቆሜ ጠበቅሁ፤ የሚሰማኝ የእሳቱ መንጣጣት ብቻ ነበር። ሳቁ ይሻል ነበር፤ እስኪ ሳቅ ብዬ በልቤ ለመንኩት።

‹‹ድሮ ሰው ትፈራ ነበር›› አሉ ጋሽ ጂግሶ እሳቱን እያዩ። ‹‹አሁን ሰው ለምዳለች።››

‹‹እንዴት ለመደች?›› አለ ሸምሱ።

እሳቱ ገና ብዙ እንጨት ነበረው፤ እሳቸው ግን ሌላ ጨመሩበት።

ሌሊቱን ምንም አልሰማንም። ጠዋት ስንነሳ ሁለቱም ቋንጣዎች የሉም። የክርስቲያኑም የእስላሙም፤ ገመዱ እንኳ አልቀረም። እኩልነት የሚባለውን ነገር ረቡዕ ረቡዕ ስማር ከርሜ በተግባር ያየሁት ያን ዕለት ነው። እኔን የገረመኝ ግን እሱ አይደለም። ኮቴው ድንኳኑን ሦስት ጊዜ ዞሮታል። ከዚያ እኔ ራሴን ባደረግሁበት በኩል፣ ከሸራው አንድ ስንዝር ርቆ፣ አሸዋው ሰፋ ብሎ ተደልድሏል።

‹‹ይኼ ምንድነው?›› አልኳቸው ጋሽ ጂግሶን።

‹‹ተቀምጣ ነበር።››

‹‹ለምን?››

‹‹ጠርተሃታል።››

ቀኑን ሙሉ ሠራን። እሳቸው ይረጫሉ፣ እኔ ካርድ እለጥፋለሁ፣ ማህተም እመታለሁ። ማህተሙ ክብ ነው፤ ዳር ዳሩን የመሥሪያ ቤቱ ስም ይዞረዋል። ሐምራዊ ቀለሙ በሩ ላይ ሲያርፍ ደስ ይላል። ቦርሳው በፀሐይ እየሞቀ ቅቤው ደረቴ ላይ ይወርዳል፤ የመንደሩ ውሾች በሰልፍ ይከተሉኛል። ተወዳጅ የሆንኩ መሰለኝ።

በሁለተኛው ሌሊት የሚበላ ነገር ሁሉ መኪናው ውስጥ ቆለፍን። እሱ ግን የሸምሱን የቀኝ ጫማ ወሰደ። ሸምሱ ጫማውን ተንተርሶ ነበር የተኛው። ጠዋት ሲነሳ ራሱ አሸዋው ላይ ነው፤ ጫማው የለም፤ የድንኳኑ የታች ጠርዝ ከፍ ብሏል። ድምፅ አልነበረም። ሸምሱ የጆሮውን ጀርባ ዳሰሰና እርጥብ ሆኖ አገኘው።

ማታ ሲሆን ብርድ ልብሱን ይዞ ጋቢና ገባ። ጋሽ ጂግሶም ከኋላ ከፓምፖቹ ጋር ተሸጎጡ።

‹‹አንተስ?›› አለኝ ሸምሱ በመስኮት። ‹‹ና ግባ፣ ተጠጋግተን እናድራለን።››

‹‹እኔ ድንኳን አለኝ።››

‹‹ወንድሜ፣ ድንኳን ጨርቅ ነው። እኔ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነኝ፣ እመነኝ።››

አላመንኩትም። ጅብ ጅብ ነው ብዬ ጮኼ፣ በሦስተኛው ቀን ከሽማግሌ ጋር መኪና ውስጥ ብደበቅ፣ የረቡዕን ክበብ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ኩራት የሚባል በሽታ ዲዲቲ አይገድለውም። የቦርሳውን ማንገቻ አንገቴ ላይ አጠለቅሁ፣ ቦርሳውን ተንተራስኩ፣ ባትሪዬን ደረቴ ላይ አድርጌ ተጋደምኩ።

የቀሰቀሰኝ ድምፅ አይደለም፤ የድምፅ መጥፋት ነው። እንቁራሪቶቹ ዝም ብለዋል። ቀጥሎ ሽታ መጣ፤ የቆየ ሥጋና የረጠበ ጸጉር። ቀጥሎ ከጆሮዬ በኩል ሸራው ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ፣ ጎበጠና ቆመ። ትንፋሹ ሞቃት ነበር። በሸራው በኩል ጉንጬ ላይ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። የሚቸኩል አልነበረም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ ይኼኛው ግን ጊዜ ነበረው።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። የጅብን ስም ሦስት ጊዜ የጠራሁ ሰውዬ ያን ሌሊት የራሴንም ስም መጥራት አልቻልኩም። ከዚያ ከራሴ ሥር አንድ ነገር ሳብ ሲል ተሰማኝ። ቦርሳው ነው። ማንገቻው አንገቴን ጠበቅ አደረገኝ። አንድ ሰው በትሕትና ‹‹እባክህ ተነስ›› እያለ የሚስበኝ ያህል ነበር። በሁለት እጄ ማንገቻውን ያዝኩ። እሱም ሳበ፣ እኔም ሳብኩ።

ማህተሙን ብለቀው ዲላ ላይ ኃላፊያችን አለ። ማህተሙን ይዤ ብቀር እዚህ ይኼ አለ። ሁለቱም አይጮሁም፤ ሁለቱም ቀስ ብለው ነው። በእውነት እነግራችኋለሁ፣ የመረጥኩት ጅቡን ነው። ጥርሴን ነክሼ ያዝኩ። እይዝ ነበር፤ እስኪነጋም እይዝ ነበር። ግን ያ ቆዳ በቅቤ የታሸ ነው። ስጨብጠው ሾለከ፤ ስደግመው ሾለከ። በመጨረሻ ማንገቻው በአገጬና በአፍንጫዬ ላይ አልፎ፣ ጆሮዬን በቅቤ ቀብቶኝ፣ ከራሴ ወጣና በሸራው ሥር ሄደ። ወዲያው ሳቁ ተሰማ። ሲሄድ እየራቀ፣ እየራቀ፣ ውሃው ዳር ለዳር።

ሲነጋ ሸምሱና ጋሽ ጂግሶ ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ሁለት እጄን ፊቴ ላይ ዘርግቼ እያየሁ አገኙኝ።

‹‹ማህተሙ ሄደ›› አልኳቸው።

ሸምሱ ብዙ አላሰበም። ‹‹ነዳጅ አለን›› አለ። ‹‹በይርጋ ጨፌ በኩል ሞያሌ እንውጣ። ኬንያ ከገባን ማህተም ምን ያደርግልናል?››

‹‹በምን የይለፍ ወረቀት?›› አልኩት። ማህተሙ ስለጠፋ ለመሸሽ፣ መጀመሪያ ማህተም ያስፈልገን ነበር። ሸምሱ አሰበበትና አሸዋው ላይ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። እናቴ ትዝ አለችኝ፤ እንባዬ መጣ፤ ቅቤው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው ብዬ ጠረግሁት።

ጋሽ ጂግሶ ዱላቸውን አነሱ። ‹‹ቆዳ ትበላለች›› አሉ። ‹‹እንጨትና ላስቲክ ትተፋለች። ተነሱ።››

የቀለም ቆርቆሮው በጥርስ ተበስቶ ኖሮ አሸዋው ላይ ሐምራዊ ጠብታ አለ። አንድ ጠብታ፣ ከዚያ ኮቴ፣ ከዚያ ጠብታ። የመንግሥት ቀለም እየተከተልን ሄድን። ዱካው ከውሃው ርቆ ወደ አንድ ደረቅ ሸለቆ ገባ። ሸለቆው ውስጥ ወፍ አልነበረም። መጨረሻው ላይ፣ ከግራር ሥር፣ ሰው ተንበርክኮ የሚያስገባ ጉድጓድ አለ፤ ደጃፉ አጥንት ነው።

የሸምሱ ጫማ እዚያ ነበር፤ ምላሱ ተበልቷል። የፍየል ቀንድ ነበር፣ የተጨረማመተ ድስት ነበር። ከእነዚያ መሐል ሌላ ጫማ አለ። ጥቁር፣ የከተማ ጫማ፣ ሶሉ ያላለቀ። ጥንድ ነው፤ ሌላው ትንሽ ራቅ ብሎ ወድቋል።

ሸምሱ በእግሩ ገለበጠው። ‹‹ይኼ የቆላ ሰው ጫማ አይደለም። ክሩስ የት ሄደ? ሁለቱም ክር የላቸውም።››

‹‹በላው ይሆናላ›› አልኩ። እኔ የማየው ወደ ጉድጓዱ ነው።

‹‹ክር ብቻ መርጣ አትበላም›› አሉ ጋሽ ጂግሶ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጫማዎቹን በዱላቸው አቀራረቡና አጠገብ ለአጠገብ አደረጓቸው፣ አሸዋ በእግራቸው እየገፉ ሸፈኗቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ዓለም ሁሉ ለእኔ አንዲት ማህተም ነበረች።

ባትሪዬን ወደ ጉድጓዱ አበራሁ። ማህተሙ ከደጃፉ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ወደ ውስጥ ወድቋል። ከማህተሙ በስተጀርባ ሁለት ዓይኖች አሉ። አይርገበገቡም።

‹‹ማን ይግባ?›› አለ ሸምሱ፤ አንድ ጫማ ብቻ ማድረጉን አሳየኝ። ጋሽ ጂግሶ ዕድሜያቸውን አሳዩኝ። የፈረመው ማን እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን።

‹‹እግሬን ያዙልኝ›› አልኳቸው። በደረቴ ተኛሁና ገባሁ። ውስጡ ይሞቃል። የራሴ የቅቤ ሽታ ተቀበለኝ። እጄን ዘረጋሁ፤ ዓይኖቹ እጄን ተከተሉት። ከንፈሩ ሐምራዊ ነበር። እሱ ሊነክስ ቢፈልግ ይችል ነበር፤ እስከ ዛሬ ለምን እንዳልነከሰኝ አላውቅም። ዝም ብሎ አየኝ፤ ደንበኛውን የሚያይ ባለ ሱቅ ይመስል ነበር፤ ዛሬ ካልሆነ ሌላ ቀን ትመጣለህ የሚል። እንጨቱን ጨበጥኩ፣ እግሬን ጎተቱኝ፣ ወጣሁ። አልሮጥንም። ጋሽ ጂግሶ እንዳትሮጡ ብለውን ነበር፤ ጀርባችንን ሳንሰጥ፣ እየተደናቀፍን ተመለስን።

ማህተሙ ተገኘ፤ ግን ሙሉውን አልተገኘም። እጀታው ተነክሷል። ላስቲኩ ከታች በኩል በግማሽ ጨረቃ ተገምጧል። መኪናው ውስጥ በነበረው ትርፍ ቀለም ነክሬ አንድ ካርድ ላይ መታሁት። ልጅ ገምጦ የተወው ብስኩት መሰለ፤ ከመሥሪያ ቤታችን ስም የመጨረሻው ቃል የለም። የቀሩትን ቤቶች በዚያው ማህተም መታንና አራተኛ ሌሊት ሳናድር ዲላ ገባን።

ኃላፊያችን በሩን ዘጋ። ማህተሙን መስኮት ላይ አውጥቶ አገላበጠው።

‹‹ጥርስ ነው?›› አለኝ።

‹‹ጥርስ ነው፣ ጓድ።››

‹‹ማን ያውቃል?››

‹‹እኛ ሦስታችን።››

‹‹ሌላስ?››

‹‹ጅቡ።››

አልሳቀም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ፤ ያን ጊዜ የፈራሁት እኔ ብቻ ሳልሆን እሱም መፍራቱን አየሁ። አዲስ ማህተም ለመጠየቅ አሮጌው ምን እንደሆነ መጻፍ አለበት። ምን እንደሆነ ከተጻፈ፣ ከቢሮ ማን አስወጣው የሚል ይመጣል። ከኪሱ ያቺን የፈረምኩባትን ወረቀት አወጣና በትንንሹ ቀደዳት።

‹‹ማህተሙ እንዲህ ነበር›› አለ በሹክሹክታ።

‹‹እንዲህ ነበር፣ ጓድ።››

‹‹ሁልጊዜም።››

‹‹ሁልጊዜም።››

እንዲህ ሆኖ ቀረ። ደብዳቤው፣ የይለፍ ወረቀቱ፣ ድጋፉ፣ ሁሉም በተገመጠችው ማህተም ወጣ። መጀመሪያ ሰሞን አንዳንዱ ያፈጥጥ ነበር፤ ግን የመንግሥትን ማህተም ለምን ጎደለ ብሎ የሚጠይቅ ደፋር አልተገኘም። ዝም ሲባል ተለመደ። እንዲያውም የኬላ ዘቦች ከሩቅ ያውቋት ጀመር። ‹‹የነዚያ የወባዎቹ ናት፣ ልቀቀው›› ይላሉ። እኔም መተኛት ጀመርኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኃላፊያችን ተዛወረ። አዲሱ ኃላፊ ደግሞ ንጹሕ ሰው ነው፤ ወረቀት ሲጎድል ያመዋል። ማህተሙን ባየ በሳምንቱ ‹‹አርጅቷል›› ብሎ ጻፈና አዲስ አስቀረጸ። ያን ሰሞን አዋሳ ያለችው እህቴ ወልዳ ልጠይቃት ፈቃድ ጠየቅሁ። የአዲሱ ማህተም የመጀመሪያ ወረቀት የእኔ የይለፍ ወረቀት ሆነ። ክቧ ሙሉ ናት፤ ፊደሉ ሁሉ አለ። ኮርቼ ኪሴ ከተትኳት።

ከዲላ መውጫ ያለው ኬላ ላይ አውቶቡሱ ቆመ። ዘቡ ወረቀቱን አየ፣ መለስ ብሎ አየ።

‹‹ጓድ፣ ይሄ ማህተም ሙሉ ነው።››

‹‹አዎ፣ ሙሉ ነው›› አልኩ በደስታ።

‹‹የእናንተ ማህተም ሙሉ ሆኖ አያውቅም። ከታች የተበላ ነው። ይሄንን ማን ቀረጸልህ?››

ውረድ ተባልኩ። አውቶቡሱ ሄደ። አዲስ ነው አልኳቸው፤ አሮጌውስ ለምን የተበላ ነበር አሉኝ። ሁለት ዓመት የያዝኩት እውነት ሾልኮ ወጣ፤ ‹‹ጅብ በልቶት ነው›› አልኩ። ዘቡ ጓደኛውን አየ።

‹‹ጅብ የመንግሥት ማህተም በላ ነው የምትለኝ?››

ከኬላው ጀርባ ወዳለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ወሰዱኝ። በሩ ላይ ዘቡ እጁን ዘረጋ።

‹‹ቀበቶህን ፍታ። የጫማህንም ክር አውጣ።››

‹‹ክሩን ለምን?››

‹‹ለታሳሪ ክር አይፈቀድም።››

አጎነበስኩ። የቀኙን ክር መዝዤ ሰጠሁት፣ የግራውን መዘዝኩ። ጫማዬ አፉን ከፍቶ አየኝ። ጥቁር ነው፣ የከተማ ጫማ ነው፣ ሶሉም ገና አላለቀም። ያኔ ገባኝ። ጋሽ ጂግሶ ባርኔጣቸውን ለምን እንዳወለቁ፣ ጫማዎቹን ለምን አጠገብ ለአጠገብ እንዳደረጓቸው፣ ጅብ እንዴት ሰው እንደለመደ። እዚያ ሸለቆ ውስጥ የነበረው ሰውዬም እንዲህ እንደ እኔ አጎንብሶ፣ እንዲህ እንደ እኔ ለምን ብሎ ጠይቆ፣ ክሩን ለአንድ ሰው እጅ ሰጥቶ ነበር።

ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አደርኩ። ከኬላው ማዶ ካለው ቡና ውስጥ አንዴ ሳቅ ሰማሁ። ስሙን አልጠራሁም። ድምፁ ሲቆም እግሬን ከነጫማዬ ወደ ራሴ ሰበሰብኩ።

ጠዋት አዲሱ ኃላፊ ስልክ ደወለ። ሰውየው የእኛ ነው፣ ማህተሙም የእኛ ነው አለ። ዘቡ ይቅርታ ጠይቆ ቀበቶዬንና ክሬን መለሰልኝ። ክሩን ግን እዚያ ቆሜ ማስገባት አልቻልኩም። በእጄ ይዤ፣ ጫማዬን እየጎተትኩ፣ ወደ ዲላ በእግሬ ተመለስኩ። ለእኔ ስልክ የሚደውልልኝ ሰው ነበረኝ። ለዚያ ሰውዬ የደወለለት የለም።

እስከ ዛሬ የጫማዬን ክር ሳስር ሁለት ጊዜ ነው የምቋጥረው። ልጆቼ የሽማግሌ አመል ነው ይሉና ደጅ ቆመው ይጠብቁኛል።